በብስክሌት ወደ ሥራ መምጣት ጥፋት ነውን?



ነገሩ ስለ ብስክሌት ማቆሚያ ስለ ሆነ ለአንዳንዱ አንባቢ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ዳሩ ግን በየማለዳው በመሥሪያ ቤት በር ላይ የሚነሣው ክርክር፣ የሚጻፈው ማስጠንቀቂያና ከደመወዝ የሚቆረጠው ገንዘብ ለሚደርስበት ሰው ትንሽ ስላልሆነ ዝም ብዬ ለማለፍ አልቻልሁም።

በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ በአዲስ አበባ ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛም ወደ ቦሌ በሚወስዱት መንገዶች ዳር ለብስክሌት ተብሎ የተለየ መንገድ መሠራቱን ሁላችንም በዐይናችን አይተናል። ከዚያም በፊት በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በእሑድ ቀን ዋና ዋና መንገዶች ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ነጻ ሆነው ሕዝቡ በእግሩና በብስክሌቱ እንዲንሸራሸርባቸው ተደርጓል። ከተማው ያለ ሞተር ስለሚደረግ ጉዞ ከ2019 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. የሚያገለግል ስልት አውጥቷል፤ የትራንስፖርት ሚኒስቴርም ለመላው አገር ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚሆን የራሱን ስልት አዘጋጅቷል። እንግዲህ መንግሥት ሠራተኛው በብስክሌት እንዲሄድ መፈለጉ በወረቀትም በአስፋልትም ተገልጿል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት መንገድ ሠራተኛውን እስከ መሥሪያ ቤቱ በር ድረስ ያመጣውና እዚያ ላይ ይተወዋል። ከበሩ ወዲያ ያለውን ስልት የሚያወጣው የጥበቃ ኀላፊው ነው።

አንድ የማውቀውን ሰው ነገር ላውሳ። ሰውየው በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። የእርሱንም ሆነ የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ልጁን ስለማስተምር ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ቤቱ ከሥራው ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሰርቪሱ በሰፈሩ በኩል ስለማያልፍ ጧት ሁለት ታክሲ፣ ማታ ሁለት ታክሲ መያዝ ነበረበት። በሰልፍ የሚቆምበት ጊዜ አንዳንድ ቀን ከጉዞው ይበልጥ ነበር። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ በደረጃ እየተነሣ ሲሄድ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የቤንዚን ዋጋ ምን እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል፤ የታክሲው ታሪፍም ተከትሎ ወጣ። ሰውየው በወር መጨረሻ ለቤት ኪራይ፣ ለዘይትና ለታክሲ ከፍሎ ሲያበቃ ለልጆቹ ደብተር የሚሆነው እየሳሳ ስለ ሄደበት፣ ዕቁብ ሲደርሰው ምንም ሳያመነታ አንድ ያገለገለ ብስክሌት ገዛ።

ከገዛ በኋላ ለአራት ወር አንድ ቀን እንኳ አልዘገየም። ጧት 2፡30 ከመሙላቱ በፊት ብስክሌቱን ከጄኔሬተሩ ቤት ኋላ አስጠግቶ፣ ፊቱን ተጣጥቦ፣ ፈርሞ ከወንበሩ ላይ ይገኝ ነበር። ለታክሲ ያወጣው የነበረውን ገንዘብ በሦስተኛው ወር ላይ ሲያሰላው ለአንደኛው ልጁ የትምህርት ቤት ጫማ ሆኖ አገኘው። እንዲህ እያለ ሳለ አንድ ሰኞ ጧት በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ብስክሌት ይዞ ወደ ግቢ መግባት የተከለከለ መሆኑን የሚያስታውቅ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። ማኅተምና ፊርማ ነበረበት፤ ምክንያት ግን አልተጻፈበትም።

ሰውየው ትእዛዙን አክብሮ ብስክሌቱን ከግቢው ውጪ ከአጥሩ ብረት ጋር በሰንሰለት አሰረው። በሦስተኛው ቀን የመሥሪያ ቤቱን ገጽታ ያበላሻል ተብሎ እንዲያነሣ ታዘዘ። ከመንገዱ ማዶ ያለች ባለ ሱቅ በቀን ጥቂት ብር እየተቀበለች በደጃፏ እንድታስጠጋለት ተስማማ። አንድ ጧት ሱቁ ሳይከፈት ቀረ። ብስክሌቱን የሚያቆምበት ሲፈልግ ሰባት ደቂቃ ዘገየ፤ ሲደርስ የሰዓት መቆጣጠሪያው መዝገብ ተነሥቷል። የግማሽ ቀን ደመወዝ ተቀጣ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ተጨመረለት። በዚያው ጧት ሰርቪሱ በመንገድ መዘጋጋት ምክንያት አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ገባ። በውስጡ የነበሩት ሠራተኞች ግን ሾፌሩ ስለ መሰከረላቸው በሰዓቱ እንደ ገቡ ተቆጥረው ፈረሙ። ከሁለት ሳምንት በኋላም የብስክሌቱ የፊት ጎማ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ተፈትቶ ተወሰደ።

የሰርቪሱ ተሳፋሪዎች ይቀጡ ነበር ማለቴ አይደለም። መንገድ ተዘጋግቶባቸው በመዘግየታቸው ምን ጥፋት አላቸው? የምጠይቀው መስፈሪያው ለምን ሁለት ሆነ ብዬ ነው። አርባው ደቂቃ ምሕረት ሲያገኝ ሰባቱ ደቂቃ ግማሽ ቀን ሊያስቆርጥ የቻለው የመጀመሪያው በመኪና፣ ሁለተኛው በብስክሌት ስለ መጣ ብቻ ነው። ይልቁንም ሰባቱን ደቂቃ ያመጣው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው፤ በበሩ ላይ ባይከለክለው ኖሮ ሰውየው እንደ ወትሮው ከሁሉ ቀድሞ ይገባ ነበር። ላልሠራው ሰዓት ደመወዝ አይገባውም የሚል አሠሪ ቢኖር እቀበለዋለሁ። በሰባት ደቂቃና በግማሽ ቀን መካከል ያለውን ልዩነት ግን በሒሳብ ትምህርት ጀማሪ የሆነ ተማሪም ያውቀዋል።

ይህን ነገር ለአንዳንድ የአስተዳደር ሰዎች ሳነሣላቸው የሚሰጡኝ መልስ ልዩ ልዩ ነው። ከሁሉ የሚበዛው የጸጥታ ጉዳይ ነው የሚለው ነው። ዛሬ ወደ መሥሪያ ቤት ስንገባ ሁላችንም እንፈተሻለን፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ብስክሌት ማለት ሁለት ጎማ፣ አንድ ኮርቻና ጥቂት የብረት ቱቦ ነው። ሁለመናው በግልጥ የሚታይ ዕቃ ነው። የመኪናን ኮፈንና የዕቃ መጫኛ ከፍቶ፣ ከሥሩም በመስተዋት አይቶ የሚያሳልፍ ጥበቃ ብስክሌትን መፈተሽ ያቅተዋል ብሎ ማሰብ ለጥበቃውም ክብር አይደለም።

ሁለተኛው መልስ ከዚህ የጠነከረ ስለ ሆነ ትንሽ ልቆይበት። «ብስክሌቱ በግቢያችን ውስጥ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?» ይላሉ። እውነት ነው፤ በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥ ስለ አደራ የሚደነግግ ክፍል አለ፤ የሰውን ዕቃ ልጠብቅ ብሎ የተቀበለ ሰው ኀላፊነት አለበት። የአስተዳደር ሹሞች ከዚህ ኀላፊነት ለመሸሽ ሲሉ ዕቃው ጭራሽ አይግባ ማለትን መርጠዋል። ሆኖም እዚያው ግቢ ውስጥ ዋጋው የብስክሌቱን መቶ እጥፍ የሚሆን የሠራተኛ መኪና ከጧት እስከ ማታ ቆሞ ይውላል። ስለ መኪናው የተፈራ አደራ የለም። ደግሞስ የጥበቃውን ኀላፊነት ማቅለል ከባድ ነገር ነውን? ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት ሁለት የቆርቆሮ ቁራጮች ይዘጋጃሉ፤ አንደኛው በብስክሌቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሁለተኛው በባለቤቱ ኪስ ይሆናል። ሲወጣ ሁለቱ ካልተገናኙ ብስክሌቱ ከበር አያልፍም። መቆለፊያውን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ይግዛ፤ ይህን የማይቀበል ብስክሌተኛ አላጋጠመኝም።

ላብን ምክንያት የሚያደርጉም አሉ። ብስክሌተኛ አልቦ ገብቶ ባለጉዳይ ፊት መቅረብ አይገባውም ይላሉ። በታክሲ ውስጥ አምስት ሰው ለአራት ወንበር ተጣብቆ የመጣው ሠራተኛ ሽቶ ሽቶ እየሸተተ ይገባ ይመስል! ለዚህ መድኀኒቱ አንድ የውሃ ቧንቧና ኮት የሚሰቀልበት አንድ ሚስማር ነው።

ከተማችን ዳገት ይበዛባታል የሚለውን ክርክር ግን አልንቀውም። ከሽሮ ሜዳ ወደ አራት ኪሎ ጧት ሲወርድ ፔዳል መምታት የማያስፈልገው ሰው ማታ ሲመለስ ነፍሱ ትወጣለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩም ቀጭን ነው። ይሁን እንጂ ዳገቱን የሚወጣው ሠራተኛው እንጂ አስተዳደር ክፍሉ አይደለም። እግሩ የቻለ ይምጣ፤ ያልቻለ በታክሲ ይምጣ። የኮረብታ ከተማ የምትባለው ኪጋሊም እኮ በመስከረም 2018 ዓ.ም የዓለምን የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ አስተናግዳለች። ዛሬ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት መጥቷል፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል ወደ ኤሌክትሪክ እንድንዞር ነው ያሰበው። ለኤሌክትሪክ መኪና መሙያ እንሥራ እያልን ለብስክሌት መደገፊያ ብረት መንፈግ የሚጣጣም ነገር አይደለም።

ቦታ የለንም ለሚሉትም ሜትር ይዤ መልስ እሰጣለሁ። አንድ የቤት መኪና የሚቆምበት ቦታ ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ አምስት ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱ 12 ካሬ ሜትር ተኩል ይሆናል። በዚያ ቦታ ላይ በደንብ ከተደረደሩ ስምንትም ዐሥርም ብስክሌቶች ይቆሙበታል። እንግዲህ ጉዳዩ የቦታ ጥበት ቢሆን ኖሮ መከልከል የነበረበት የትኛው እንደ ነበር አንባቢ ይፍረድ።

እንደ እኔ አስተያየት ከነዚህ ምክንያቶች ሁሉ በስተኋላ አንድ ያልተነገረ ነገር አለ፤ እርሱም ማዕረግ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት መኪና ሲመጣ በሩ በሁለት በኩል ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ጥበቃውም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ብስክሌት ሲመጣ «ወዴት ነው?» ይባላል። የሚገርመው ነገር የጥበቃው ሠራተኛ ራሱ ከብስክሌተኛው ያነሰ ደመወዝ የሚያገኝና ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ በእግሩ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው መሆኑ ነው። እርሱ ግን ያየውን ነው የሚያደርገው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንደሚባለው፣ ኀላፊው ብስክሌተኛውን እንደ ሙሉ ሠራተኛ ቢያከብረው ኖሮ ጥበቃው በሩ ላይ ባላዋረደው ነበር። ሴት ሠራተኛ በብስክሌት ስትመጣ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ከፍተሻው ላይ ሳቅና ምክር ይጨመርላታል። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ «ለሴት ልጅ አይሆንም» እየተባለች በሦስት ወር ውስጥ ብስክሌቷን ለወንድሟ እንደ ሰጠች ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ።

ብስክሌት በአገራችን የትናንት እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በኅዳር 1949 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ፣ ወደ ሜልቦርን በዘመተች ጊዜ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም አሰልፋ ነበር፤ ከነርሱም አንዱ ገረመው ደምቦባ ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ድል ሲያደርግ ስሙ በዓለም ተጠራ፤ ያን ጊዜም ብስክሌተኞቻችን ሮም ነበሩ፤ እነርሱን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። በእኛ ዘመንም ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም በፈረንሳይ አገር በሚደረገው ታላቁ የቱር ደ ፍራንስ ውድድር ተሰልፎ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በባሕር ዳርና በሐዋሳም ባጃጅ ከበዛ ወዲህ እንደ ቀድሞው ባይሆንም መምህሩም፣ ነርሷም፣ የባንክ ጸሐፊውም በብስክሌት መሄድን እንደ ነውር አይቆጥሩትም። መሬቱ ሜዳ ስለ ሆነ ብቻ አይመስለኝም፤ ዐይናቸው ስለ ለመደም ነው። የአዲስ አበባ ሰው ግን ብስክሌትን የልጅ መጫወቻ ወይም የድኻ ዕቃ አድርጎ ማየት አልተወም። እኔ በማስተምርበት ክፍል አንድ ተማሪ አባቱ በብስክሌት ወደ ሥራ እንደሚሄድ ሲናገር ጓደኞቹ የሳቁበትን ቀን አልረሳውም። ልጆቹ ይህን ሳቅ ከሌላ ቦታ አላመጡትም፤ ከእኛ ነው የተማሩት።

በብስክሌተኞች በኩል ጥፋት የለም አልልም። ብስክሌቱን ተሸክሞ እስከ ሦስተኛ ፎቅ የሚያወጣ፣ በጭቃ ጎማ አዲስ የተወለወለውን ኮሪደር የሚያበላሽ አለ፤ ለጽዳት ሠራተኞቹ ማን ይሰብላቸው? ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች ተብሎ ከተሠራው መወጣጫ የእጅ መደገፊያ ጋር ብስክሌቱን ቆልፎ የሚሄደው ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ ባለጉዳይ መንገዱ ተዘግቶበት ደጅ ሲቆም ያየ ሰው ብስክሌተኛን ሁሉ ቢጠላ አይፈረድበትም። እንዲህ የሚያደርገውን መቅጣት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ጥፋቶች አብዛኛዎቹ የሚመጡት ማቆሚያ ከመታጣቱ የተነሣ መሆኑን አለመዘንጋት ነው። ለመኪና ቦታ ባይሠመርለት መኪናም በደረጃው ላይ ይቆም ነበር።

ሥራው ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ አንድ ማስረጃ ልጨምር። እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ግቢ የመምህራኑም የተማሪዎቹም ብስክሌቶች በእንጨት ሥራ ክፍሉ አጠገብ በአንድ የቆርቆሮ ዳስ ሥር ይቆሙ ነበር። መደገፊያዎቹ የውሃ ቧንቧ ቁራጮች ሲሆኑ እንደ በር ጉበን ታጥፈው ሁለቱ እግሮቻቸው በሲሚንቶ ተቀብረዋል። በአንዱ ብረት ግራና ቀኝ ሁለት ብስክሌት ይታሰራል፤ በብረትና በብረት መካከል አንድ ሜትር ያህል ይተዋል። ብየዳውን የሠሩት ተማሪዎች ናቸው። ይህን በዝርዝር መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ አዳዲስ ሕንጻዎች ብስክሌት ማቆሚያ ሠራን ብለው የፊት ጎማ ብቻ የሚሰካበት ጠባብ ፍርግርግ አስቀምጠዋል። እንዲህ ያለው ብስክሌቱ በነፋስ ሲወድቅ ጎማውን ያጣምማል፤ ሌባም ጎማውን ፈትቶ ትቶ የቀረውን ይዞ እንዲሄድ ያመቻል። ብየዳ ቤት ሄዶ አሥር የታጠፈ ቱቦ ማሠራት ለአንድ መሥሪያ ቤት ከአንድ የስብሰባ አዳራሽ መጋረጃ የበለጠ ወጪ አይሆንም።

ከማቆሚያው በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ጉዳይም አለ። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ከሥራ ሲመለስ ጉዳት የደረሰበትን ሠራተኛ በሥራ ላይ እንደ ተጎዳ የሚቆጥረው ድርጅቱ ለሠራተኞቹ በመደበው ወይም በተከራየው መኪና ውስጥ ሲሄድ የተጎዳ እንደ ሆነ ነው። በብስክሌቱ ሲመጣ በመኪና የተገጨ ሠራተኛ በዚህ ቃል ውስጥ አይገባም። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ አዋጅ ቢተዳደርም ይህን አስቦ የራሱን ሕግ መመልከት ይገባዋል። አሠሪው ለብስክሌተኛው ነዳጅ አይገዛለትም፤ ሾፌር አይቀጥርለትም፤ በሰርቪሱም ላይ አንድ ወንበር ይተርፍለታል። እንዲህ ወጪ የሚያቀልለት ሠራተኛ ቢወድቅ ግን የሚነሣው በራሱ ኪስ ነው። በኔዘርላንድ አሠሪ በብስክሌት ለሚመላለስ ሠራተኛው በ2024 እ.ኤ.አ. በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር እስከ 23 የዩሮ ሳንቲም ከግብር ነጻ አድርጎ እንዲከፍል ሕጉ ይፈቅድለት ነበር። እኛ አበል እንዲከፈል አልጠየቅንም፤ ከደመወዛችን አይቆረጥ ነው የምንለው።

ስለዚህ የየመሥሪያ ቤቱ የአስተዳደር ኀላፊዎች ከመኪና ማቆሚያቸው ላይ የአንዲቱን መኪና ቦታ ብቻ ለብስክሌት እንዲለዩ፣ በበሩ ላይ የሚለጠፈውም ክልከላ ምክንያቱና የወሰነው ክፍል እንዲጻፍበት፣ የመዘግየት ቅጣትም በሰርቪስ ለመጣውና በብስክሌት ለመጣው በአንድ መስፈሪያ እንዲለካ እጠይቃለሁ። የሠራተኛ ማኅበራትም ይህን ነገር የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ነው ብለው ባይተዉት መልካም ነው። ብስክሌተኛ ጥቂት የሆነው ለምን እንደ ሆነ ከላይ ተናግሬአለሁ። የከተማው ባለሥልጣኖችም ለአዲስ ሕንጻ ፈቃድ ሲሰጡ የመኪና ማቆሚያውን በፕላኑ ላይ እንደሚፈልጉት ሁሉ የብስክሌቱንም ቢፈልጉ መንገዱን የሠሩበት ገንዘብ ፍሬ ያገኛል።

ያ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የተቆረጠበት የግማሽ ቀን ደመወዝ እንዲመለስለትና ብስክሌቱን ከጄኔሬተሩ ቤት ኋላ እንዲያቆም እንዲፈቀድለት በጽሑፍ አመልክቶ ነበር። ማመልከቻው «ለሚመለከተው ክፍል» ተብሎ ተመርቶለታል፤ የመመሪያውንም ቁጥር በመዝገቡ ላይ የጻፈው፣ ሥራው ስለ ሆነ፣ እርሱ ራሱ ነው። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። ብስክሌቱ ያለ ፊት ጎማ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተደግፎ ቆሟል፤ ሰውየውም ጧት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ